ለቅሶ ሆቴል ውስጥ አይደረስም

«ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ ከሀገር ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ሚኒሶታ ውስጥ ሲሆን የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አማርኛ ይሰማል፤ ለመናገር ግን ያፍራል። በዚህ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ይዤው ልመጣ ትኬት ቆርጫለሁ። ዲሴምበር 20 ገብተን ጃንዋሪ 14 እንመለሳለን። ለእናቴ ‹በክረምት እመጣለሁ› ስላት ‹በክረምትማ አትምጪ፣ ጣሪያው ያፈስሳል› ብላ አሳቀችኝ።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። እናቴ አሁንም የምትኖረው ባደግንበት ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ሆኖ ለአምስት አባወራ የጋራ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ይመጣል። ልጄ ሆዱ ቶሎ ይታወካል፤ ሌሊት በጨለማ ወደ ግቢ መውጣትም አይችልም። ስለዚህ ካዛንቺስ ሆቴል ያዝሁ። ቀን ቀን እሷ ዘንድ ውዬ ለማደር ብቻ ሆቴል እንደምገባ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ‹እንግዳ ሆነሽ ከመጣሽማ ሆቴል ነው የሚያምርብሽ› ብላ ስልኩን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠችው። እሱ ደግሞ ስለ ሆቴሉ አንድም ቃል ሳይናገር እንዳመጣለት የሚፈልገውን የስልክ ዓይነት ነገረኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ያኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ መምጣት አልቻልሁም። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ ልጄ ታሞብኝ ሃያ አምስቱን ቀን ሐኪም ቤት ማሳለፍም አልፈልግም። ሆቴሉን ልሰርዘው ወይስ በሐሳቤ ልጽና?

የአራት ኪሎ ልጅ፣ ከሚኒሶታ»

እኅቴ፣ ስለ ክረምቱ እናትሽ ልክ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። አንቺ ታኅሣሥ 11 ስትገቢ ወቅቱ መፀው ነው፤ ጥር 6 ስትመለሺ ደግሞ በጋ ከገባ አሥር ቀን ይሆነዋል። ዘጠኝ ዓመት በረዶ ስትጠርጊ የእነሱን ብርድ ክረምት ማለት ለምደሻል፤ እናትሽ ግን ቃሉን ሲሰሙ የታያቸው የሐምሌ ዶፍና ከሚያፈስሰው ቆርቆሮ ሥር የተደረደረ ሳፋ ነው። ይህን ያነሣሁት ሌላም ቃል እንዲሁ ስላጣላችሁ ነው። «ማረፊያ» ስትዪ አንቺ የምታስቢው አልጋና መታጠቢያ ቤት ነው። እናትሽ የሚያስቡት ሌላ ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ዓይኔ የቆመው ከወንድምሽ ስልክ ቀጥላ ባለችው መስመር ላይ ነው። ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ልጅሽ ሆድ ዘርዝረሽ ጽፈሻል። የአባትሽን ሞት ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅሰሽ አልፈሻል። አልፈርድብሽም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ እጅ ይቸኩላል። ነገር ግን የእናትሽ ኩርፊያ የመነጨው ከዚያች መስመር ይመስለኛል።

አባትሽ ባረፉ ጊዜ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዕድሩ ወንበሩንና ብርጭቆውን አውጥቷል፣ ቀብሩ ተፈጽሟል፣ አርባውም ሙት ዓመቱም ወጥቷል። በዚያ ሁሉ ውስጥ አንቺ አልነበርሽም። የሰፈሩ ሴቶች «ልጁ ሳትቀብረው» እያሉ ሲያለቅሱ እናትሽ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። በእኛ ወግ ያልቀበረ ልጅ የመጣ ዕለት ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። በሩን ስታልፊ የሚያለቅሱት እናትሽና ወንድምሽ ብቻ አይሆኑም፤ ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ አባትሽ ጋዜጣ ያነቡበት የነበረው ባለሱቅ ሳይቀር ይመጣል። እናትሽ ይህን ቀን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል። አንቺ ደግሞ «ካዛንቺስ ሆቴል ይዣለሁ» አልሻቸው። እሳቸው የሰሙት «ለቅሶው ይቅርብኝ» የሚል ነው። «እንግዳ ሆነሽ ከመጣሽማ» ያሉሽም ለዚህ ይመስለኛል። ልጅ በአባቷ ቤት ሐዘንተኛ እንጂ እንግዳ አትሆንም።

መርዶውን እንዴት እንደሰማሽ አልጻፍሽልኝም። እዚያ ያሉ የሀገር ልጆች ተሰብስበው ገና ሳይነጋ በርሽን አንኳኩተው ይሆናል፤ ይህ ወግ በሰው ሀገርም ጨርሶ አልጠፋም። ወይም በስልክ ሰምተሽ፣ ሌሊቱን ብቻሽን አልቅሰሽ፣ በነጋታው ዓይንሽን ታጥበሽ ሥራ ገብተሽ ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ ለቅሶው የሚያስፈልገው ለእናትሽ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ መልሴ ይኸው፦ ሆቴሉን አትሰርዢው፣ ቀኑን ግን ግፊው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች እናትሽ ቤት እደሪ። ሦስት ማለቴ በዘፈቀደ አይደለም። ለቅሶ የሚቀመጡት ሦስት ቀን ነው፤ ሠልስት ካለፈ በኋላ ሐዘንተኛም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ «ለምን ተነሥተሽ ሄድሽ» የሚል አይኖርም። ከአራተኛው ሌሊት ጀምሮ ካዛንቺስ ብታድሪ ነውር የለውም። ልጅ ይዘሽ መምጣትሽን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያያል።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ከራሴ ቤት ስላየሁት ነው። ታናሽ ወንድሜ ከጀርመን የመጣው እናታችን ካረፉ ከዓመት በኋላ ነበር። እንደ አንቺው አስቦ፣ ማንንም ላለማስቸገር ብሎ፣ በቀጥታ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ አንድ ሆቴል ገባ። በማግሥቱ እናቴን ያስታመሙ አንዲት ጎረቤታችን ጥቁር ለብሰው፣ ቡና በፔርሙዝ ይዘው፣ ዳቦ በመሶብ ወርቅ አስይዘው ሆቴሉ ድረስ ሄዱ። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ በትሕትና የክፍል ቁጥር ጠየቃቸው። አያውቁም። ከውጭ ምግብ ማስገባት እንደማይፈቀድም ነገራቸው። ወንድሜ ወጥቶ ስለነበር አንድ ሰዓት ያህል በዚያ ለስላሳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ከዚያ ፔርሙዛቸውን እንደሞላ ይዘው ተመለሱ። እሱ የሰማው ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሮጦ ቤታቸው ሄደ፤ ቡናም ጠጣ፤ ነገር ግን አላለቀሱለትም። «አልፏል ልጄ» ብቻ ነው ያሉት። ዛሬም ድረስ ከፍራንክፈርት በደወለ ቁጥር ስለ እሳቸው ይጠይቀኛል።

አሁን ወደ ዕለቱ እንምጣ። ጥቁር ልብስሽንና አንድ ነጠላ በእጅ ሻንጣሽ ያዢ፤ ትልቁ ሻንጣ ቀርቶ በሦስተኛው ቀን የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በጂንስ ሱሪና በቀይ ጃኬት ለቅሶ ቤት መግባት ደግሞ ለራስሽም ይከብድሻል። ነጠላውን እንዴት እንደሚያዘቀዝቁት ከረሳሽ አትጨነቂ፣ ደጃፍ ላይ የሚያስተካክልልሽ እጅ አይጠፋም። ለወንድምሽ አስቀድመሽ አንድ ነገር አስጠንቅቂው፦ ቦሌ እቅፍ አበባ ይዞ፣ ቪዲዮ የሚያነሣ ጓደኛ አስከትሎ እንዳይጠብቅሽ። ለሌላው መንገደኛ ጥሩ ነው። አንቺ ግን የምትሄጂው ወደ ለቅሶ ነው፤ ያ ቪዲዮ በኋላ ሲታይ ማንንም ደስ አያሰኝም።

የሚደርሱትም ሰዎች ቀኑን ማወቅ አለባቸው። ይህ በአንቺ ጊዜ አያስፈልግም ነበር፤ ጎረቤት በግድግዳው ይሰማ ነበር። አሁን ግን መካከለኛው አዲስ አበባ ተበትኗል። ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ካዛንቺስም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከትሏል። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄዷል፤ ከካዛንቺስ የተነሡት ብዙዎቹ ዛሬ ገላን ጉራ ናቸው። ከእናትሽ ዕድርተኞችና ከአባትሽ ወዳጆች አንዳንዶቹ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ወንድምሽ ይደውልላቸው፤ ሥራ ላይ ለሚውሉትም እሑድን ክፍት አድርጊላቸው። እግረ መንገዴን ስለ ሆቴልሽም ልንገርሽ። ካዛንቺስ ያልሽው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የምታውቂውን ካዛንቺስ በዓይነ ሕሊናሽ ይዘሽ ከሆነ መንገዱም ቤቱም ተለውጦ ነው የምታገኚው። ሆቴሎቹ አሉ፤ ዙሪያቸው የነበረው ሰፈር ግን የለም። ለልጅሽ «እዚህ ጋ እንዲህ ነበር» እያልሽ የምታሳዪው ጥቂት ነው።

ይህም ሌላ ምክንያት ይጨምርልኛል። የቀበሌ ቤት የእናትሽ አይደለም፤ አባትሽ ሲኖሩበትም የእሳቸው አልነበረም። መቼ ተራው እንደሚደርስ ማንም አይነግርሽም። ሥጋት ልነዛብሽ አልፈልግም፤ ምናልባት አሥር ዓመት ይቆያል። ግን ልጅሽ አንቺ የተኛሽበት ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት የማደር ዕድል ያለው አሁን ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ አታስተላልፊው።

ስለ ልጅሽ ደግሞ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ አላቃልለውም። ከሁሉ በፊት ግን ሆዱን ሳይሆን ጆሮውን አዘጋጂ። ያ ልጅ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። አያቱ ደረታቸውን እየመቱ ሲጮሁ፣ እናቱ መሬት ላይ ስትወድቅ ቢያይ ሰው የተጎዳ ይመስለዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ሳላችሁ ንገሪው፦ አያትህ ቤት ስንደርስ ትልልቅ ሰዎች ጮክ ብለው ያለቅሳሉ፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ማንንም የመታው የለም፤ ወንድ አያትህን ስለምንወደው ነው፤ ከዚያ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይጫወታል፣ አንዳንዱም ይስቃል። የመጨረሻውን እንዳትረሺ፤ ልጆችን ይበልጥ የሚያደናግራቸው ሳቁ ነውና። ወደ ሌላ ቤት ግን አትደብቂው። የግቢውን ልጅ አንዱን አጠገቡ አስቀምጪለት። ያልሽው የአማርኛ እፍረት በአዋቂ ፊት ነው የሚብሰው፤ ኳስ ይዞ ግቢ ውስጥ የሚጠብቀው እኩያው ፊት እንደዚያ አይሆንም።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ እኔና አንቺ በፖፖ አድገን የለም እንዴ? ሰባት ዓመት ለፖፖ ትልቅ ነው ካልሽ ክዳን ያለው ባልዲ ግዢ፤ ሦስት ሌሊት ነው። ውሃ ለእሱ የታሸገውን ብቻ አጠጪው፤ ጥርሱንም በዚያው ይቦርሽ። ያልበሰለ ሰላጣ አይብላ፤ ፍራፍሬውን ራስሽ ላጪለት። ተቅማጥ ቢይዘው በውሃ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገር፣ ኦ.አር.ኤስ. የሚሉትን፣ ከመድኃኒት ቤት አስቀድመሽ ገዝተሽ ያዢ፤ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ደም ካየሽ ወይም ትኩሳት ከጨመረ ግን ሠልስትም ቢሆን ሐኪም ቤት ይዘሽው ሂጂ፤ ለቅሶ ደራሹ አይቀየምሽም።

ብርዱን ደግሞ አትናቂው። ሚኒሶታ የምትኖር ሴት የአዲስ አበባን ብርድ እንደማትፈራ አውቃለሁ። እዚያ ግን ቤቱ ይሞቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ ታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ሌሊት ደግሞ ከጭቃ ግድግዳው ውስጥ የሚወጣው ቅዝቃዜ አጥንት ይገባል። ለልጁ ወፍራም የሌሊት ልብስና ካልሲ ያዢለት፤ ጋቢው ከእናትሽ ይመጣል። ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክም አትደንግጪ፤ ሁለት ሦስት ቀን ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያጓጓኝን ልንገርሽ። በእኛና በእናንተ መካከል በዚያ ወቅት ያለው ልዩነት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ልጅሽ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ዓይኑ ፍጥጥ ይላል፤ በእሱ ሰውነት ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነውና። በዚያን ሰዓት በዚያ ቤት ውስጥ የሚነቃ ሌላ ሰው ማን ይመስልሻል? እናትሽ። ጾመ ነቢያት ነው፤ ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ነጠላቸውን ለብሰው ጸሎታቸውን የሚያደርሱት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡት በዚያ ሰዓት ነው። አንቺ በለቅሶ ደክመሽ ትተኛለሽ። ሁለቱ ብቻ ይነቃሉ። ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም፤ አንደኛው አማርኛ ያፍራል፣ ሌላኛዋ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሻይ ግን ያፈሉለታል፤ ኩራዝ በምትመስል አምፖል ሥር ቁጭ ብለው ይተያያሉ። ካዛንቺስ ብትሆኑ ግን ያንን ሰዓት ልጁ የሚያሳልፈው ስልክሽን ይዞ ካርቱን ሲያይ ነው። በአራተኛው ቀን ደግሞ ሰውነቱ መልመድ ይጀምራል፤ ይህ ንቃት አይደገምም።

ስለ ጾሙ ካነሣሁ፣ እናትሽ ይጾማሉ ብለሽ ለልጁ እንቁላል ለመጥበስ አትሳቀቂ። አያት ለልጅ ልጇ የፍስክ መጥበሻ ከየት እንደምታመጣ ታውቃለች። ለእናትሽ ግን በወተት የተሠራ ቸኮሌት በመጀመሪያው ቀን አትዘርጊ፤ ለገና ይቆይ።

ከሦስቱ ሌሊት በኋላ ወደ ሆቴሉ ስትሄጂ አነጋገሩን አሳምሪው። «ቤቱ አይመችም» አትበዪ። ከሰፈሩ እናትሽ የሚያከብሯቸው አንዲት ሴት ካሉ እሳቸው ይናገሩልሽ፦ «ልጁ ሆዱ እንዳይታመም፣ ሌሊት ሌሊት ወስዳ ታሳድረው» ካሉ ነገሩ አለቀ። እናትሽንም አንድ ሁለት ሌሊት ይዘሻቸው ሂጂ። መጀመሪያ እምቢ ይላሉ፤ ሁለተኛ ጊዜ ስትለምኛቸው ልብሳቸውን ያዘጋጃሉ። ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ሲወርድ የማይወድ ሰው የለም። የሆቴሉን ምግብ ግን በጾም አያምኑትም፣ ድስቱን ማን አየው ይላሉ፤ ሽሮውን ይዘው ቢመጡ አትገረሚ።

ስለ ገንዘቡና ስለ ስልኩ አጭር ነኝ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወራት ውስጥ ከመቶ አልፏል። ዘመድ ሁሉ ይህን ሒሳብ ከአንቺ ይልቅ ያውቀዋል። የሚያስቡልሽ ግን ዶላሩ መጨመሩን እንጂ ዘይቱና ጤፉ መወደዱን አይደለም፤ ስለዚህ ቀድሞ ታላቅ ይመስል የነበረ ስጦታ ዛሬ ትንሽ ይሆናል። ለመስጠት የቆረጥሽውን ባንክ መንዝረሽ በአንድ ፖስታ አድርገሽ ለእናትሽ ስጪ፤ ለማን ስንት እንደሚደርስ እሳቸው ይወስኑ። ማን በለቅሶው ጊዜ ስንት ቀን እንዳደረ፣ ማን ደግሞ ለታይታ እንደመጣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ስልኩን ለወንድምሽ ግዢለት። ብዙ ጊዜ በዚህ ዓምድ «አትግዙ» ስል እንደምታነቢ አውቃለሁ፤ የእሱ ግን ይለያል። አባታችሁን ያስታመመውም፣ የቀበረውም፣ ከእናትሽ ጋር የቀረውም እሱ ነው። ስለ ሆቴሉ ዝም ያለው በእናቱና በእኅቱ መካከል ላለመግባት ይመስለኛል። የጠየቀው ስልክ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪውና ሌላ ይምረጥ፤ ቦሌ ላይ አይስማው።

ዜግነት ቀይረሽ ከሆነ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል። ከሌለሽ ቪዛሽንና የልጁን አስቀድመሽ ጨርሺ።

አንድ የተሳሳትሽው ነገር ግን አለ፤ የመመለሻው ቀን። ጥር 6 ትሄጃለሽ። ከተራ ጥር 10 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11። አራት ኪሎ ተወልደሽ፣ ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲወርዱ እያየሽ አድገሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይተሽ አራት ቀን ሲቀረው ትሄጃለሽ? ሥራሽ ፈቅዶ ትኬቱን ለአንድ ሳምንት ማስተላለፍ ከቻልሽ፣ ለዚያ የሚከፈለውን ቅጣት ከሆቴሉ የሚቀሩት ሦስት ሌሊቶች በመጠኑም ቢሆን ያካክሱልሻል። ልጅሽ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ቢያመልጠው የሚጎድለው ብዙ አይመስለኝም። ካልሆነም ታኅሣሥ 19 አለልሽ፤ የዓመቱ ገብርኤል ነው፤ ግቢ ገብርኤል ከእናትሽ ቤት በእግር የሚደረስ ነው፤ ያኔ ለቅሶሽ ወጥቶ፣ መቃብሩም ተጎብኝቶ፣ ልብሽ ትንሽ ቀለል ብሎሽ ይሆናል። ልጁ ዲሴምበር 25 ቀን ጠዋት ተነሥቶ «ገና የታለ?» ቢልሽ፣ በእኛ ታኅሣሥ 16 ኪዳነ ምሕረት እንደሆነና ገና ገና 13 ቀን እንደሚቀረው ንገሪው፤ ሁለት ገና የሚያከብር ልጅ አይከፋም። ያን ዕለት ወደ አምስት ኪሎ በእግር ወስደሽ ብሔራዊ ሙዚየም አስገቢው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላትን ድንቅነሽን ካየ በኋላ ስለ ስጦታው ለጥቂት ሰዓት ይረሳል።

ዛሬ ማታ በእኛ አንድ ሰዓት ላይ ደውዪላቸው፤ በእናንተ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ስልኩን ለወንድምሽ ከመስጠታቸው በፊት እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ የማድረው አንቺ ዘንድ ነው። አባዬን አልቅሼ ሳልጨርስ የትም አልሄድም።» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚያቸው፤ ቢያለቅሱም አታቋርጪያቸው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 11 ብለሽ ንገሪያቸው። ክረምት የምትለዋን ቃል ግን እንዳታነሺ፤ ሳፋ መደርደር ይጀምራሉ።